እጅና ቃጠሎም አሉ

ከመካከላችሁ ልጁ ወይም እህቱ አሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት የሆነችለት አይጠፋምና ይህን ወሬ ብታደርሱልኝ ደስ ይለኛል። እዚያ ፕላስቲክ ሰርጅን ለመሆን ወይ ከሕክምና ትምህርት ቤት በቀጥታ ገብቶ 6 ዓመት መማር ነው፤ ወይ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምናን 5 ዓመት ጨርሶ 3 ዓመት መጨመር። አመልካቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት። ጎበዝ ልጆች ሳይሳካላቸው ሲቀር ሁሉም ነገር ያበቃ ሲመስላቸው ያንገበግበኛል።

ለመሆኑ የወደዱት ምኑን ነው? አፍንጫ ማሳመሩን ከሆነ ደግመው ያመልክቱ። የተጎዳ አካል መጠገኑን ከሆነ ግን የእጅ ቀዶ ሕክምና ፌሎሺፕ (ከሬዚደንሲ በኋላ የሚወሰድ ተጨማሪ ሥልጠና) አለ፤ 1 ዓመት ነው፤ ለአጥንት፣ ለፕላስቲክም ሆነ ለጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞች ክፍት ነው። ሙያውን ያቋቋሙት ስተርሊንግ በኔል ራሳቸው ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በ1944 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር እጃቸው ለቆሰለ ወታደሮች አማካሪ አድርጎ ሲጠራቸው፣ አጥንቱን አንዱ፣ ጅማቱን ሌላው፣ ቆዳውን ሦስተኛው እየተከፋፈለው እጅ አይድንም፣ አንድ ሐኪም ሁሉንም ይያዘው ባይ ነበሩ።

የተቆረጠ ጣት ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የደም ሥሩ ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ዙሪያውን ይሰፋዋል። ደም ሥሩን ቆንጥጦ የያዘው ክላምፕ ሲለቀቅ ሁሉም ጣቱን ያያል፤ እንደ ሰም የነጣው ጣት መቅላት ይጀምራል። ይህን ሥራ ማን ነው የተረፈ ምርጫ የሚለው?

የቃጠሎ ፌሎሺፕም አለ፤ እሱም በአብዛኛው 1 ዓመት ነው። ከጭን ስስ ቆዳ ልጦ ቁስል ማልበስ፣ ጠባሳ አገጩን ከደረቱ ያጣበቀበትን ሕፃን አንገት መፍታት፣ ሁሉም እዚያ ይለመዳል። አገር ቤት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ ላይ እየወደቀ በሚቃጠልበት፣ ይህ ሙያ ምን ያህል እንደሚፈለግ መናገር አያሻኝም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይወቁት፤ ፌሎሺፑ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ አያሰጥም። አንዳንድ የእጅ ፕሮግራሞችም የአጥንት ሐኪሞችን ያስቀድማሉ። ስለዚህ ከማመልከታቸው በፊት በፕሮግራሙ ተምረው ለወጡት ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞች ይደውሉ። አሁን የት እንደሚሠሩ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ የሚቀመጠው ፌሎው ራሱ እንደነበረ ወይም ቆሞ ያይ እንደነበረ ይጠይቋቸው።