ቅድሚያ ለማን? ለጠመንጃው ወይስ ለጥይቱ?

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን፣ አንዳችን ደግሞ ፀዳ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለን። (ዲግሪ ያላት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጽፋለች፤ ሱቅ ያላት ደግሞ ዜናውን ሁሉ ቀድማ ትሰማለች። ሥራ ተከፋፍለናል ማለት ነው!) ፀዳን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወጥታችሁ አዘዞን ስታልፉ ወደ ማክሰኚትና ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ጠመንጃ ነው። “ሴት ልጅ ስለ ጠመንጃ ምን አገባት?” የምትሉ ካላችሁ መልሳችን አጭር ነው። የቤቱን ሒሳብ የምንይዘው እኛ ነን፤ ስለዚህ ያገባናል!

ነገሩ ወዲህ ነው። ታላቅ ወንድማችን፣ ወንድም ጋሼ የምንለው፣ አሜሪካ ኮሎራዶ አውሮራ ከተማ ይኖራል። የጭነት መኪና ይነዳል። እዚያ የሥራ ጓደኛው የተኩስ ሜዳ ወሰደውና ልቡ እዚያው ቀረ። ስፖርቱ ከሩቅ አነጣጥሮ ብረት መምታት ነው። ዒላማው ከጥቂት መቶ ሜትሮች እስከ 1 ኪሎ ሜትር ድረስ ይርቃል፤ የተመታው ብረት “ቃ!” ሲል ነጥብ ይያዛል። ፕሪሲዥን ራይፍል ሲሪስ የሚባል፣ በፈረንጆቹ 2012 የተጀመረ የውድድር ማኅበርም አላቸው። ሰው ሩጫ እንደሚወዳደር እነሱ በዚህ ይወዳደራሉ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ በዓመት ያጠራቀማት 4,000 ዶላር አለችው። ምን ምን እንደሚገዛባት ዝርዝሩን ላከልን። ፈቃድ እየጠየቀን አይደለም፤ “እስቲ እዩልኝ” ነው ያለው። ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦ ጠመንጃ 2,000 ዶላር፣ የማነጣጠሪያ መነጽር 1,200፣ ኬስትሬል የሚባል የነፋስ መለኪያ 700፣ ባለሦስት እግር መቆሚያ 600። ከሥር በትንሹ “ጥይት፣ 2 ፓኮ” ይላል። አንድ ፓኮ 20 ፍሬ ነው። ሱቅ ያላት እህት ደምራ ስታየው ጥይቱ ሳይገባ እንኳ 4,500 ሆነ። የ4,500 ዶላር ዕቃ ለ40 ጥይት! ባለ ሱቅዋ “ይኼ ሰውዬ ምጣድ፣ ሰፌድና አክንባሎ ገዝቶ ጤፉን የረሳ ነው” አለች።

ጋዜጠኝነት የተማረችው ደግሞ የተማረችውን አደረገች፤ ጠየቀች። በወር ስንት ጊዜ ነው የምትተኩሰው? አንድ ጊዜ። የምትሄድበት ሜዳ ርቀቱ ስንት ነው? 100 ያርድ። የ1,000ው ሜዳስ? እሱ በመኪና ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት። በቃ፣ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ሰውየው የሚኖረው 100 ላይ፣ የሚገዛው ለ1,000 ነው።

ከዚያ ለሦስት ሳምንት አነበብን። (ኔትወርክ ሲኖር!) የገባንን በእኛ አፍ እንንገራችሁ። ከፋብሪካ የሚወጣ መካከለኛ ጠመንጃ፣ ለምሳሌ የፊንላንዱ ቲካ፣ በጥሩ ጥይት 100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት አንድ ኢንች ውስጥ ይሰበስባል፤ ፋብሪካው ዋስትና የሚሰጥበት ነው። ይህን ወደ 1,000 ያርድ ስትወስዱት አሥር ኢንች ግድም ይሆናል፤ የአንድ ትልቅ ሰሐን ስፋት። አሁን ነፋስ አምጡ። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ባርኔጣ የማይጥል ነፋስ ከጎን ቢመጣ፣ ሲክስ ፖይንት ፋይቭ ክሪድሞር የሚባለውን የስፖርተኞቹን ተወዳጅ ጥይት እዚያ ርቀት ላይ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ይገፋዋል። በዚያው ርቀት ጥይቱ ወደ 8 ሜትር ያህል ይወርዳል። መውረዱስ ይሰላል፤ የምድር ስበት ሐሳቡን አይቀይርም። ነፋስ ግን ይቀይራል። እንግዲህ 1,000 ዶላር ጨምሮ ሰሐኑን ወደ ስኒ ማስቀመጫ ያጠበበ ሰው ነፋሱን ማንበብ ካልቻለ ብረቱን በአንድ ሜትር ይስተዋል። ነፋስ ማንበብ ደግሞ በመተኮስ እንጂ በመግዛት አይመጣም።

(በነገራችን ላይ ከፍታም ዋጋ አለው። ዴንቨርና አካባቢዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናቸው፤ እኛ ሰፈር ከዚያ ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ጥይት ብዙም አይጎተትም። ማለትም ፀዳ ላይ ከዴንቨር በተሻለ ይበራል። እኛ ግን በዚህ አንኮራም፤ ለምን እንደሆነ ቆይተን እንነግራችኋለን።)

ጥይቱን አስሉት። ጥሩ የውድድር ጥይት አንዱ ወደ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በወር 100 ቢተኩስ 150 ዶላር፤ በዓመት 1,800። ለጠመንጃው ካሰበው 2,000 ብዙም አይርቅም! በዚያ ላይ የክሪድሞር አፈሙዝ ከ2,000 እስከ 3,000 ጥይት ተኩሶ ያረጃል፤ አፈሙዝም እንደ ጫማ ሶል ነው። ስለዚህ “ጠመንጃ ገዛሁ” ማለት ወጪው አለቀ ማለት አይደለም፤ ኪራይ ጀመርኩ ማለት ነው።

እኛ የጻፍንለት ዝርዝር ይህ ነው። ጠመንጃ 1,000። መነጽርና ማሰሪያው 900፤ ግን አንድ ነገር አደራ ብለነዋል። መነጽሩ ውስጥ ያለው መስመርና ከውጭ የሚዞረው ቁልፍ በአንድ መለኪያ ይሁኑ፤ ሁለቱም በሚል ከሆነ በሚል። (አንድ ሚል 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ 1,000 ሜትር ላይ 1 ሜትር ነው፤ ቀላል ሒሳብ።) ቁልፉን አሥር ጊዜ ወዲያ አሥር ጊዜ ወዲህ ሲያዞሩት ወደነበረበት የማይመለስ መነጽር ምንም ቢያጠራ ዋጋ የለውም። ባለሁለት እግር መቆሚያ 100። ከሰደፉ ሥር የሚገባው ከረጢት በነፃ፤ ካልሲ ውስጥ ሩዝ ሞልቶ መስፋት ነው። (የፎገራ ሩዝ እንላክልህ ወይ ብለነዋል።) የነፋስ መለኪያው ይቅር፤ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን ማስሊያ ይበቃል። ባለሦስት እግሩም ይቅር። አንድ ቀን ከሚያውቅ ሰው ጋር መማሪያ 300። ጥይት 1,200። ድምሩ 3,500 ነው። 500 ዶላር ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ትንሿን .22 ይግዛ አልን። ጥይቷ በሳንቲም ነው የሚገዛው፤ ቀላል ስለሆነችም ነፋስ በ200 ሜትር ላይ ትልቁን በሩቅ እንደሚጫወትበት ይጫወትባታል። ለመማር ከእሷ የሚሻል የለም።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን አባታችን ሁለቱን በሬዎች ሸጠው ክላሽ ሊገዙ መሆኑን ነገሩን።

ምክንያታቸውን የፀዳም ሆነ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ውጊያ ከተነሣ ወዲህ፣ በተለይ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ሰው እየታገተ ገንዘብ ሲጠየቅበት ሰምተናል፤ የምናውቀው ሰውም ደርሶበታል። ማታ ተኩስ ስንሰማ እናታችን መብራቱን አጥፍታ ወደ ጓዳ ትሰበስበናለች። ወንድም ጋሼ የሚዝናናበት ድምፅ እኛ ጋ ሲመጣ ወለል ላይ ያስተኛናል። “ፀዳ ላይ ጥይት ይበራል፤ አንኮራበትም” ያልነው ለዚህ ነው።

አባታችን ደግሞ ከጠመንጃ ቤት ነው የወጡት። አያታችን በጣሊያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ነበሩ። ከእኛ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ያለው ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲለቀቅ፣ ከስድስት ቀን በኋላም ኅዳር 18 ጎንደር ውስጥ የጣሊያኑ ጄኔራል ናዚ እጁን ሲሰጥ በሕይወት የነበሩ ሰው ናቸው። ምንሽር ነበራቸው። (የት እንደደረሰ ብንናገር ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) እዚህ አገር የጠመንጃ ስም ሁሉ ፈረንጅ ነው፤ ተለውጦ ነው እንጂ። ሰናድር ማለት እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ይዘውት የወጡት ስናይደር ነው፤ ውጅግራ የፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ፤ ምንሽር ማንሊከር። ሁሉም የየራሱ ጥይት ነበረው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ያኔም ጭንቁ ጥይት ነበር። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እንደነበረ ታሪክ ጽፎታል። ገንዘብን ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው አይኖርም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሠርግ ሄዳችሁ አታውቁማ!

ለአባታችን ያቀረብነው ክርክር ለወንድም ጋሼ ካቀረብነው አይለይም። በሬዎቹ ሲሸጡ መሬቱን ለእኩል ልንሰጥ ነው፤ ማለትም በየዓመቱ ግማሽ ምርት። ሻጩ የነገራቸው የአንድ ጥይት ዋጋ ወንድም ጋሼ ከሚገዛበት ይበልጣል። ስንት ይገዛሉ? “ሠላሳ ይበቃል” አሉ። ስንቱን ይለማመዱበታል? “ምን ልምምድ ያስፈልገኛል?” አሉ በቁጣ። 70 ዓመታቸው ነው፤ የግራ ዓይናቸው ጥሩ አያይም። ይህን ግን አላነሣንባቸውም፤ አባት ናቸው። ያነሣነው ሕጉን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉም ባይኖር፣ ጠመንጃ ያለበት ቤት ሁለት ዓይነት እንግዳ ይመጣበታል፤ ፈቃዱን የሚጠይቅና ጠመንጃውን የሚፈልግ። ሁለቱም ማታ ነው የሚመጡት። አባታችን አልመለሱልንም። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወጡ።

በሳምንቱ እሑድ ወንድም ጋሼ ደወለ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገን መሐል አስቀመጥነው።

“ዛሬ ስንት ተኮስህ?” አሉት አባታችን።

“120 አባዬ።”

ዝም አሉ። “120? … በማን ላይ?”

“በብረት ላይ።”

“ብረቱ ምን አደረገህ?”

እናታችን ከጓዳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

“ስንቱን መታህ?”

“ሰባውን።”

“አያትህ በአምስት ጥይት ሁለት ዓመት ተዋጉ።” (ይህን ቁጥር ቀንሳችሁ ውሰዱት።) “ቀሪውን ሃምሳ ለምን ሳትህ?”

“ነፋሱን እያሳሳትኩ ነው። ይኸው መለኪያ ልገዛ ብል እነዚህ ልጆች ከለከሉኝ።”

“አውድማ ላይ ምርት ስናናፍስ መንሹን ከማንሣትህ በፊት ምን ታይ ነበር?”

“ገለባው ወዴት እንደሚሄድ።”

“እዚያ ሣር የለም?”

“አለ።”

“እኮ! ከአንተ አጠገብ ያለውን ሣር እይ፤ መሐል ያለውን እይ፤ ብረቱ ሥር ያለውን እይ። ሦስቱ አንድ ላይ አይተኙም። ሲስማሙ ጠብቀህ ያን ጊዜ ተኩስ። አያትህ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ጠመንጃውን ያሳርፉበት ነበር። እስትንፋሳቸውን እስኪያስወጡ ሰው አይናገራቸውም።”

ወንድም ጋሼ ሲጽፍ ይሰማን ነበር። እኛም ተያየን፤ ሩዝ የሞላው ካልሲ ጋቢ ሆኖ መጣ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት አወሩ። እኛ ካወቅነው ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ረጅም ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። በመጨረሻ አባታችን የጥይቱን ዋጋ ጠየቁት፤ ነገራቸው። በ120 አባዙት፣ ወደ ብር መለሱት። ዶላር ከመቶ ብር ካለፈ ቆይቷል፤ ሒሳቡን ራሳቸው ጨርሰው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

የተረፈችው 500 ዶላር መጥታለች። ወንድም ጋሼ ራሱ ነው “ለግቢው በር ይሁን” ያለው፤ የጎረቤት ብየዳ ቤት ከወፍራም ላሜራ እየሠራልን ነው። በሬዎቹ አሉ፤ ይህን ስንጽፍ ከቤቱ ጀርባ ገለባ እያመነዠጉ ነው። አባታችን “ለጊዜው ነው” ይላሉ፤ እኛም አንከራከራቸውም። ወንድም ጋሼ ባለፈው እሑድ ከ120ው 84ቱን መቷል፤ አባታችን ቁጥሩን ለጎረቤት ሁሉ ነግረውታል፤ ብረት መሆኑን ግን አልጠቀሱም። የበሩ ቀለም ቡናማ ይሁን አረንጓዴ በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።

ቸር ሰንብቱ!