ደረጃው ላይ

የቀበሌ ቤታችን የፈረሰ ጊዜ ገና ፊደል እንቆጥር ነበር። በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ ሽንት ቤት። (ሽንት ቤቱ ናፈቀኝ የሚል ካለ እዚያ አልኖረም!) በውሃ ተራ ያልተጣላ አልነበረም። ሆኖም እናታችን ቡና ስታፈላ ጎረቤት ለመጥራት ድምጿን ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃት ነበር።

በምትኩ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ውሃውም ሽንት ቤቱም ከቤት ገባ፤ እሰየው አልን። በመጀመሪያው እሑድ እናታችን ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ፣ በሩን ወለል አድርጋ ተቀመጠች። ማን ይምጣ? አቦሉን ብቻዋን ጠጣች፤ ቶናውን ደፋችው።

ቤቶቹን የነደፉት ሰዎች ይህን ነገር አላሰቡበትም ማለት ግን ግፍ ነው። በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ የጋራ መገልገያ ቤትም ነበረው፤ ሰዉ ኮሙናል የሚለው። ፎቅ ላይ በግ አይታረድ፣ እንጨት አይነድ! ስለዚህ እርዱም፣ እንጀራ ጋገራውም፣ አጠባውም፣ የዕድር ስብሰባውም እዚያ እንዲሆን ነበር የታሰበው። እኛ ዘንድ ያለው ግን ተቆልፎ ከረመና በኋላ ለሲሚንቶ መጋዘን ተከራየ። ለጥበቃ ደመወዝ ነው ተባለ፤ ምን ይደረግ።

ሥነ ሕንፃ የምታጠና ጓደኛችን ይህን ስናጫውታት ስለ ናርኮምፊን ነገረችን። ጊንዝቡርግና ሚሊኒስ የነደፉት፣ ከ1928 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ የተሠራ ሕንፃ ነው። ሰው የጋራ ኑሮ እንዲለምድ ተብሎ ማብሰያውና መመገቢያው ለብቻው በአጠገቡ ቆመ፤ መገናኛ እንዲሆንም ኮሪደሩ ሰፋ ተደረገ። የጋራ ማዕዱ ግን እንደታሰበው ሳይሆን ቀረ፤ ሰዉ ምግቡን እያነሣ ወደየክፍሉ ገባ።

ታዲያ የኛ ሰው የት ተገናኘ? ማንም ባልነደፈለት ቦታ፤ በሮቹ ሁሉ በሚከፈቱበት ኮሪደርና በደረጃው ላይ። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣው ሁሉ መታጠፊያው ላይ ትንፋሹን ሊመልስ ይቆማል፤ ቆሞ ደግሞ ዝም አይባልም። አንዲት ጎረቤታችን ጭሱን ሸሽታ ከሰሏን ኮሪደር ላይ አቀጣጠለች፤ እናታችንም ረከቦቷን ይዛ ወጣች። በቃ፣ እንዲህ ነው የተጀመረው።

ሦስተኛ ፎቅ የነበሩት እማማ ያረፉ ጊዜ ክረምት ነበር። ኮሙናሉ ሲሚንቶ ሞልቶታል፤ ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ፣ ጎርፍም ገባበት። ሬሳውን ስናወርድ ሳጥኑ በደረጃው መታጠፊያ አልዞር አለ። አዘነበልነው፣ አልሆነም። በመጨረሻ አቁመን፣ አቅፈን ነው ያወረድነው። እኛ ከእግራቸው በኩል ነበርን። ያን ዕለት በራቸውን ከፍተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ከፍተው ወጡ፤ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ፤ የሚቀመጡበት ቦታ ግን አልነበረም።

ለጓደኛችን ያልናት ይህንኑ ነው፦ አንቺ ተመርቀሽ ስትነድፊ፣ አዳራሹ ይቅርብን፣ መታጠፊያዋን ለአንድ ሳጥንና ለአንድ ረከቦት ታህል አስፊልን። ሳቀች፤ ደብተሯ ላይ ግን ጻፈችው።

ባለፈው ዕረፍት ቤት ስንሄድ ኮሪደሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን፦ «እዚህ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው»። እሳትን መፍራት ነውና አይፈረድባቸውም። እናታችን ምድጃዋን ከማስታወቂያው ሥር አድርጋ ታራግባለች። «ኑ ተቀመጡ» አለችን፣ «በረካው አላለፋችሁም»።