ከቢቸና እስከ ሞጣ

ከቢቸና ተነሥተን በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድን። በመንገዳችን አፈሩን አየን። በቢቸና ሜዳ ዋልካ ይበዛል። ዋልካ ክረምት ይጨቀያል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ጤፍ ያበቅላል። በሞጣ በኩል ቀይ አፈርም አለ።

እኛ ያየነው ቀለሙን ነው። የአፈር ጉልበት ግን በቀለም ብቻ አይታወቅም። ሰብል ከአፈር ጥቂት ጥቂት የሚወስዳቸው ማዕድናት አሉ። ዚንክ፣ ቦሮን፣ መዳብ ይባላሉ። እነዚህ እንደ ወጥ ጨው ናቸው። ትንሽ ይበቃል፤ ሲጠፋ ግን ያስታውቃል። ዚንክ ከአፈር ሲያንስ ከእህሉም ያንሳል። ዚንክ ያነሰው ልጅ ሆዱ ቢሞላም እድገቱ ይቀጭጫል፤ በሽታም ቶሎ ይይዘዋል።

ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገራችን አፈር ከየወረዳው እየተሰበሰበ ተመረመረ። በብዙ ቦታ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ አንሰው ተገኙ። ቢሆንም የጎረቤት ማሳ የጎደለው የእናንተን ማሳ ላይጎድለው ይችላል። ስለዚህ የየራሳችሁን አስመርምሩ።

እንዲህ አድርጉ። ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አፈር ውሰዱ። ፍግና አመድ ከተደፋበት አትውሰዱ። በቆርቆሮ ባልዲም አትቀላቅሉ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ልኬቱን ያሳስታል። ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል። ዋልካውን ከቀዩ ለዩ። ከተቀላቀለው ግማሽ ኪሎ ያህል በከረጢት አድርጉ።

ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁንና የማሳውን ስም በእጃችሁ ጻፉበት። ያልተጻፈበት ከረጢት የማን እንደሆነ አይታወቅም። ውጤቱም በወረቀት ይመጣል። ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት።