የአባዬ ፓስወርድ

አባዬ ለብዙ ዓመታት የዕድራችን ጸሐፊ ነበር። መዝገቡ መጀመሪያ በትልቅ ደብተር ይያዝ ነበር፤ እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን ኮምፒውተር ገዛሁለትና ወደ ኤክሴል ተዛወረ። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ለማን ሐዘን ስንት ወጣ፣ ድንኳኑን ማን ወሰደ፤ ሁሉም እዚያ ነው።

አንድ የክረምት ማለዳ ደወለልኝ። "ይሄ ነገር አልከፍትም አለኝ" አለ። ስሄድ ስክሪኑ የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ሌላ አካውንት የለውም። በየቀኑ ሲጽፈው የኖረውን ቃል ረስቶታል። "ጣቴ ያውቀው ነበር እኮ" አለ እጁን እያየ።

"አስር ደቂቃ ስጠኝ፣ እከፍተዋለሁ።"

"አይሆንም! ራሴ አስታውሰዋለሁ።"

እህቴ ለወራት "አባዬ ነገር ይደጋግማል፣ ሐኪም ይየው" ስትል ቆይታለች። እሱም ሰምቷታል። እልሁ ከዚያ የመጣ መሆኑ የገባኝ ማታ ላይ ነው፤ ወረቀት ይዞ ተቀምጦ የእኛን ስም፣ የትውልድ መንደሩን፣ የድሮ ስልክ ቁጥራችንን እየጻፈ ይሰርዛል። እሁድ የዕድሩ ስብሰባ አለ፤ ሒሳብ ማቅረብ አለበት።

ፓስወርድ ሲጠፋብን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ ይመስለናል። ዊንዶውስ ግን ቃሉን ራሱን አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ከቃሉ በስሌት የወጣ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የማይፈታ ኮድ ነው፤ ሃሽ ይሉታል። የጻፍነውን እንደገና ያሰላና ሁለቱን ያመሳክራል፣ በቃ። ስለዚህ የአባዬን ቃል የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነበር። እኔ የምችለው በሌላ መተካት ነው።

ወረቀቱ ላይ አንዷን ሁለት ጊዜ አስምሮባታል፦ የእናቴ የክርስትና ስምና የተጋቡበት ዓመት። "ይቺ መሆን አለባት፤ ግን እምቢ አለችኝ" ብሎኝ ተኛ።

እሱ ሲተኛ የዊንዶውስ 7 መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰካሁ። ከጥገናው ክፍል ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትኩና፣ መግቢያው ገጽ ላይ ለአካል ጉዳተኞች እገዛ የተቀመጠውን ፕሮግራም በእሱ ተካሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ያቺን ምልክት ስጫናት ጥቁሩ መስኮት ከነሙሉ ሥልጣኑ መጣ። አንድ መስመር ትእዛዝ በቂ ነው። ፋይሎቹ በዊንዶውስ የተመሰጠሩ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ መቀየሩ መዝገቡን ባሳጣን ነበር፤ አልነበሩም። አዲስ ፓስወርድ አድርጌ ያስገባሁት አባዬ ያሰመረባትን ነው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ።

ጠዋት "አባዬ፣ ያቺን እስቲ ድገማት፤ ካፕስ ሎክ በርቶ ይሆናል" አልኩት።

ተከፈተ።

"አላልኩህም!" አለ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ወዲያው ለእህቴ ደወለላት።

እሁድ ሒሳቡን አቀረበ። ከዚያ በኋላ እህቴ ሐኪም ባነሳች ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ፦ "ፓስወርዱን ማን አስታወሰ?" እኔ ዝም እላለሁ። እንዲህ እያልን ስምንት ወር አለፈ፤ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሰፈሩ መንገድ ጠፋው።

ሐኪሙ ስለ መርሳት ሲጠይቀው አባዬ የፓስወርዱን ታሪክ በኩራት ጀመረለት። ሐኪሙ እየጻፈ ነው። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ "እኔ ነኝ የቀየርኩት" አልኩ፣ እሱ በተቀመጠበት። አባዬ ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ብዙ ቆይቶ "ታዲያ የድሮው ምን ነበር?" አለኝ።

"እኔም አላውቅም፣ አባዬ።"

"ማሽኑስ?"

"እሱም አያውቅም።"

ራሱን ነቀነቀና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ቤት እስክንደርስ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ አንድ ነገር ሲጽፉ ነበር።