ባለ ሁለት ምላጭ

በምኖርበት የሼፈርድስ ቡሽ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ እንግሊዛዊ ጎረቤት አሉኝ። የዒላማ ተኩስ ማኅበር አባል ናቸው። ባለፈው ወር ሻይ ጋብዘውኝ ሳለ፣ በፈቃድ የያዙትን አንድ አሮጌ የጀርመን ጠመንጃ ከተቆለፈ የብረት ሣጥን አወጡ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው አሳዩኝ። ምላጩ ሁለት ነው።

የኋለኛው ምላጭ ሲሳብ ጠመንጃው አይተኩስም፤ በውስጡ ያለች ትንሽ ሞላ ተወጥራ ትያዛለች እንጂ። ከዚያ የፊተኛው በጣት ጫፍ ሲነካ ያቺ ሞላ ትፈታና ተኩሱ ይለቀቃል። የጦር ሜዳ ጠመንጃ ምላጭ የ2 ወይም የ3 ኪሎ ጉልበት ሲጠይቅ፣ ለዚህኛው ከተወጠረ በኋላ እጅግ ትንሽ ንክኪ ይበቃዋል። ዋናው ጉልበት ቀድሞ፣ በእርጋታ ስለወጣ በተኩሱ ቅጽበት እጅ አይናወጥም። ተኳሹ ሐሳቡን ከቀየረ ግን በመጀመሪያ ጥይቱን ማውጣት፣ ቀጥሎም ሞላውን ማርገብ አለበት። ሽማግሌው ይህን ደጋግመው አሳሰቡኝ።

እኛ የድርቅ መድን የምናጠና ሰዎች፣ ክፍያ የሚለቀቅበትን የዝናብ ወሰን በእንግሊዝኛ የምንጠራው በዚሁ በምላጭ ስም ነው። ስለዚህ ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አያቴ ወሎ ውስጥ አንድ ምንሽር ነበራቸው። ምንሽሩ ክብራቸውም ቁጠባቸውም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በመጀመሪያ በጎቹን፣ ቀጥሎ በሬዎቹን ሸጡ፤ ምንሽሩን እስከ መጨረሻው ያዙ። ገበያ ሲያወጡት አገሩ ሁሉ ሻጭ ሆኖ ነበር። አማርትያ ሴን ስለ 1965ቱ የወሎ ረኃብ የጻፉት ይህንኑ ነው፤ የእህል ዋጋ እምብዛም ሳይንር፣ ሰው የመግዛት አቅሙን አጥቶ አለቀ። ታናሽ አክስቴ ያን ክረምት አልዘለቀችም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ ከአክሳ ሪ የመድን ውል ገዛ። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች መረጃ የሚሰላው አመልካች ከባድ ድርቅን ቢያሳይ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር። ዝናቡ ደግ ሆነና ክፍያ አልተፈጸመም። ገንዘቡ ባከነ የሚል ሰው፣ ሞላውን መወጠር ራሱ ዋጋ እንዳለው ዘንግቷል። በተቃራኒው፣ ሶማሊያ ውስጥ ረኃብ መግባቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ሲታወጅ፣ ማስጠንቀቂያው ከወራት በፊት ተሰምቶ ነበር። የፊተኛውን ምላጭ የሚነካ ጣት አልጠፋም፤ ቀድሞ የተወጠረ ሞላ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ባለፈው ዓመት በገመገምኩት አንድ ውል ላይ፣ ያለ ድርቅ ገንዘብ እንዳይወጣ ፈርቼ፣ የዝናቡ ወሰን ዝቅ እንዲል መክሬ ነበር። ምላጩን አከበድኩት ማለት ነው። ሒሳቤ ሁለቱን ስሕተቶች በእኩል ሚዛን አስቀምጧል። ያላግባብ የተከፈለ ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ሊተካ ይችላል፤ በወቅቱ ያልተከፈለው ግን በበሬ፣ አልፎም በልጅ ይከፈላል።

ይሁንና ምላጩን ማቅለል ብቻውን አይበቃም። ያልተወጠረ ቀላል ምላጭ ምንም አይተኩስም፤ ተወጥሮ የተረሳም አደጋ ነው። ስለዚህ የማሻሻያ ሐሳቤ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ገንዘቡና የተረጂዎቹ ዝርዝር ገና በጥጋቡ ወራት ይዘጋጁ፤ ወሰኑ ከፍ ይበል፤ ጣቢያው የተሳሳተ እንደሆነ ክፍያውን ማን፣ በምን ማስረጃ እንደሚያግድ ወይም እንደሚያስለቅቅ አስቀድሞ ይጻፍ።

ሰነዱን ዓርብ እልካለሁ። ያለፈውን ምክሬን ማን እንደጻፈውም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሬያለሁ።