ሰሌዳ ስንመርጥ

ይህን የምንጽፈው ጥፋታችንን ለማስተባበል አይደለም፤ ነገ በቡድን ሥራ የምትጀምሩ ጓደኞቻችን ከእኛ ስሕተት አንዳች ነገር ታተርፉ እንደ ሆነ ብለን ነው።

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሰባት ሆነን አንድ ሥራ ልንሠራ ተስማማን። ሥራውም በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምን፣ በስናንና በማቻከል ወረዳዎች ከሚኖሩ አዛውንት ዘንድ እየሄዱ የለቅሶ፣ የሠርግና የእርሻ ግጥሞችን በድምፅ መቅዳት፣ ኋላም በጽሑፍ መገልበጥ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ የጎጃም ሰው አነጋገር እንደ ምን ያለ ሀብት እንደ ሆነ ያውቃል። ይህን ሀብት በቃላቸው የያዙት አዛውንት ግን በየዓመቱ ያልፋሉ። ስለዚህ ሥራው ጊዜ የማይሰጥ መሆኑን ሰባታችንም በአንድ ቃል ተናገርን። ተናገርን እንጂ አልሠራንበትም።

ገና በመጀመሪያው ስብሰባ፣ «ያለ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ሶፍትዌር የቡድን ሥራ ከንቱ ነው» የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ ወዲያ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንዱ ወገን ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትን ደገፈ። እርሱ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1984 የወጣ ሽማግሌ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሥራዎችን በጊዜ መስመር ላይ እንደ አግዳሚ እንጨት እየደረደረ ያሳያል፤ ይህንንም ዐይነት ሠንጠረዥ ሄንሪ ጋንት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1910ዎቹ አስፋፍቶት ነበር። ሌላው ወገን ጂራን አመጣ፤ ጂራ በ2002 ከአውስትራልያ የወጣ፣ ስሙንም ከጃፓኖች የፊልም አውሬ ከጎጂራ የወሰደ፣ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የታሰበ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ወገን አሳናን፣ አራተኛው ትሬሎን ያዘ። ልብ በሉ፤ ሰባት ሰው አራት ወገን ሆነ!

በመጨረሻ ትሬሎ አሸነፈ። በ2011 የወጣው ትሬሎ ቀላል ነው፤ ሰሌዳ አለው፣ በሰሌዳው ላይ ዓምዶች፣ በዓምዶቹ ውስጥ ካርዶች አሉ። መሠረቱ ታይቺ ኦኖ በቶዮታ ፋብሪካ ያስለመዱት ካንባን የተባለው አሠራር ነው። እኛም «የሚሠራ»፣ «በመሠራት ላይ»፣ «ያለቀ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ከፈትን፤ ካርዶቹን አረንጓዴና ቢጫ ቀባናቸው። ሰሌዳው ሲያዩት ያምራል። በዚያን ቀን ማታ አንድም አዛውንት ሳናነጋግር ሥራው የተገባደደ መስሎን ተኛን።

ከካርዶቹ አንዱ በስናን በኩል ስለሚኖሩ አንዲት እናት ነበር። እኚህ እናት ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ በአካባቢው ሰው ሲሞት ያለ እሳቸው ለቅሶው አይደምቅም ይባል ነበር። ከመካከላችን አንዳችን ካርዱን ከ«የሚሠራ» ወደ «በመሠራት ላይ» ጎተተው። ማን እንደ ጎተተው በዚያን ጊዜ የጠየቀ የለም። እያንዳንዳችን ሰሌዳውን በከፈትን ቁጥር ያን ካርድ በመካከለኛው ዓምድ እናየውና፣ «እሰይ፤ አንዱ ይዞታል» እያልን እንዘጋው ነበር። እንዲህ እያልን ዐሥራ አንድ ቀን አለፈ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለታችን ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ስንሄድ ከደጃፋቸው ደረስን። ጎረቤታቸው ወጥተው ማንነታችንን ከጠየቁ በኋላ፣ «ምነው ልጆቼ፣ ምነው ቀደም ብትሉ! ሠልስታቸው ካለፈ እኮ ሳምንት ሆነው» አሉን። የምንለው ጠፋን። ጥቂት ቆይተን፣ «የእሳቸውንስ ለቅሶ ማን አወረደው?» ብለን ብንጠይቅ፣ «ማን አለና?» ብለው ዝም አሉ። እኛም መቅጃችንን በኪሳችን እንደ ያዝን ተመለስን።

በዚያ ሳምንት በመካከላችን ብዙ ክፉ ቃል ተነጋገርን። አንዱ ሶፍትዌሩን ረገመ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ምን በደለ? ካርዱ ላይ የባለቤቱን ስም የሚጽፉበት ቦታ ነበረው፤ ባዶ የተውነው እኛ ነን። ካርዱን ማን እንደ ጎተተውም መዝግቦ ይዞ ነበር፤ ያላየነው እኛ ነን። «በመሠራት ላይ» የሚለው ቃል ሠሪ የሌለው ግሥ መሆኑን የሰዋስው ተማሪዎች ሆነን ሳለን አላስተዋልንም!

ወላጆቻችን የሚያውቁትን ነገር ረስተን ነበር። በወንፈል ጊዜ ዛሬ የማን ማሳ እንደሚታረም፣ ነገ ለማን ጉልበት እንደሚመለስ፣ ማን የአንድ ቀን ዕዳ እንዳለበት ሳይጻፍ ይታወቃል። በዕድርም ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑን የሚያመጣው እገሌ ነው ከተባለ እገሌ ያመጣል። ዕድር «ድንኳን በመምጣት ላይ ነው» ብሎ አስከሬን አያስቀምጥም።

ስለዚህ እንደ ገና ተቀምጠን ምርጫውን ከሥራው ጀመርን። መጀመሪያ የጠየቅነው፣ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንሆናለን?» ብለን ነው። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀ ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ የምናስታውሰው ነው፤ ሥራችን በሙሉ በሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይዘጋ ነበር። ቀጥሎ ስለ ዋጋው ጠየቅን፤ ከነፃው ደረጃ በላይ ያለው ሁሉ በዶላር የሚከፈል ነው፤ ለተማሪ ኪስ አይሆንም።

ሦስተኛው ጥያቄ የቀን መቁጠሪያ ነበር። በሶፍትዌሩ «ሦስት ሰዓት» ብለን የሞላነው ቀጠሮ ስልካችንን ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት አስጮኸው፤ አዛውንቱ ግን ከጧት ጀምረው ሲጠብቁን ውለዋል። የዓባይ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ዓለም ሁሉ ሰማ፤ ጳጉሜን የሚባል ወር ግን በመረጥነው ሰሌዳ ላይ የለም። ከዚህም በላይ የባላገሩ ቀጠሮ በበዓል ነው። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ይከበራልና በእነዚህ ቀኖች ሞፈር አይነሣም፤ ሰው ከቤቱ ስለሚውል ለጨዋታ የሚመች ጊዜ ይኸው ነው። ይህን ሳናውቅ የሥራ ቀን እየመረጥን በመሄዳችን፣ ስንት ቀን ባዶ ቤት አንኳኩተን ተመልሰናል!

ውሳኔያችን ሲያዩት የሚያስቅ ነው፤ አንድ ትልቅ ባለ መስመር ደብተር ገዛን። ዓምዶቹም የአዛውንቱ መንደር፣ የሚሄደው ሰው ስም፣ የሚሄድበት በዓል፣ የተቀዳው፣ የተገለበጠው የሚሉ ናቸው። በስም ዓምድ ከአንድ ሰው በላይ አይጻፍም። ረዳት ሊኖር ይችላል፤ ተጠያቂው ግን አንድ ነው። እሑድ እሑድ ስም እንጠራለን፤ ከዚያም ደብተሩን በኤክሴል ገልብጠን በቴሌግራም ለሰባታችን እንልካለን። ኢንተርኔት ከሌለ በፍላሽ ይዞራል።

ታዲያ ሶፍትዌር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ የፈጀው የዓባይ ግድብ ያለ ነገር በደብተር ይመራል የሚል ሞኝ የለም፤ ብዙ ሺህ ሥራ እርስ በርሱ ሲጠባበቅ የጋንት ሠንጠረዥ ግድ ነው። የምንለው ይህ ብቻ ነው፦ ሥራውን አስቀድማችሁ ዕወቁ፣ ስም ስጡት፣ ከዚያ መሣሪያውን ምረጡ። ምርጫው ከአንድ ስብሰባ ከበለጠ ግን ከሥራው እየሸሻችሁ እንደ ሆነ ጠርጥሩ።

እስካሁን ከ19 አዛውንት ዘንድ ደርሰናል። በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ የእኚያ እናት መንደር ተጽፏል፤ የተቀዳው የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። በስም ዓምድ ላይ ግን ደንባችንን ጥሰን የሰባታችንንም ስም ጻፍን።

ጓደኞቻችን ሆይ! ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትገቡ በመንደራችሁ ግጥም የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ፣ የእኛን ደብተር አትጠብቁ። ስልካችሁ መቅጃ አለው፤ እናንተም ስም አላችሁ።