የአያቴ ፊደል

ፊደል ያስቆጠረኝ አያቴ ነው። እዚሁ ሙዱላ፣ ከቤታችን በስተጀርባ ባለው የእንሰት ጥላ ሥር፣ መሬቱን በመዳፉ አለስልሶ በጣቱ «ሀ»ን ይጽፍልኛል፤ አይቼ ስጨርስ ጠርጎ «ለ»ን ይተካል። በጠምባሮ ቋንቋ ይቆጣኛል፣ በአማርኛ ያስተምረኛል።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ የሠፈር ልጅ በጨዋታ መካከል ተቀይሞኝ «የባንዳ ልጅ ልጅ!» አለኝ። ትርጉሙ አልገባኝምና አያቴን ጠየቅሁት። መሬቱን ጠረገና ቀጣዩን ፊደል ጻፈ። መልሱ ይኸው ነበር።

በኋላ ከእናቴ እንደ ሰማሁት፣ አያቴ ገና በልጅነቱ አማርኛ የለመደ ጎረምሳ ነበርና ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ አገልግሏል። ይህን ማንም አይክድም። በሹክሹክታ የሚወራው ግን ሌላ ነበር፤ ቀን ያስተረጉማል፣ ሌሊት የሸፈቱትን ሰዎች ስም ያቀብላል ይሉት ነበር። አየሁ ብሎ የመሰከረ የለም። ሐሰት ነው ብሎ የተከራከረለትም የለም። አያቴም ቃሉን ሳይሰጥ፣ እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አረፈ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ «ጦብያ» ነው። ሰሞኑን፣ ከባንክ ስመለስ፣ ማታ ማታ እንደገና ሳነበው ሰነበትሁ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ሲያሳትሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ዛሬ የድርሰቱን ዓይነት የምንጠራበት ስም ከዚያ የቀረ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የተማረከ ደጃዝማችን ለማስለቀቅ የሚሆነውን ገንዘብ አንድ የማይታወቅ ነጋዴ ያለ መያዣ፣ ያለ ወለድ ይሰጣል። የደጃዝማቹ ልጅ ዋህድ ያን ውለታ ሳልከፍል አላርፍም ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። ግን የውለታን ዕዳ እንዲህ አድርገው የጻፉት እጆች የማን ነበሩ? የዘጌው ልጅ አፈወርቅ በምኒልክ ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተልከው ሥዕል የተማሩ ሰው ናቸው። በዓድዋ ጦርነት ዋዜማ፣ ለትምህርት ከሄዱበት ከስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያኖቹ ወገን ተሻገሩ። በናፖሊ አማርኛ አስተማሩ። ዓመታት አልፈው አገራቸው ተቀበለቻቸው፣ ሾመቻቸው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ አደረገቻቸው። ያኔ በውስጣቸው ለማን ይሠሩ ነበር የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከተላቸዋል፤ ምክንያቱም ወረራው በመጣ ጊዜ ከወራሪው ጋር በግልጽ ቆሙ፣ «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከ1941ዱ ነፃነት በኋላ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በግዞት ጅማ ላይ ዐረፉ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ደራሲነቱ ባንዳነቱን ይክሳል» ይሉኛል። ሌሎቹ «የባንዳ መጽሐፍ አታንብብ» ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። በሥራ ቤታችን የአንዱን ሰው ገቢ አንሥቶ የሌላውን ሰው ዕዳ መሸፈን ያስከስሳል። ነጋድራስ አፈወርቅም ሁለት ባለ ሒሳቦች አሏቸው። አንዱ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ እርሱ ባለዕዳቸው ነው። ሌላው በመርዝ ጢስ ያለቀው የአገሬ ሰው ነው፤ የእርሱን ዕዳ እኔ አንባቢው «ተከፍሏል» ብዬ ልፈርምበት አልችልም።

የአያቴ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይለያል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በእጅ ያለው ብር ከመዝገቡ ካነሰ ጉድለት ይባላል። ጉድለት ስርቆት አይደለም፤ ተመርምሮ እስኪረጋገጥ ድረስ ጉድለት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በእኔው መስኮት ጉድለት ተገኝቶ፣ የቁጥር ስሕተት መሆኑ እስኪታወቅ ሦስት ቀን የባልደረቦቼን ዐይን ሸሽቻለሁ። አያቴ ያን ዐይን ስልሳ ዓመት ያህል ተሸክሞታል። ነጋድራሱ ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸውም። አያቴን ግን የከሰሰው መንደር እንጂ ዳኛ አልነበረም። ንጹሕ ነበር ልል አልደፍርም፤ ከሃዲ ነበር የሚለውንም ያለ መዝገብ አልቀበልም።

ባለፈው እሑድ ለሴት ልጄ ፊደል ሳስቆጥራት «አባዬ፣ አንተን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። ስሙን ነገርኋት። አድጋ ሌላውን በጠየቀችኝ ቀንም ያገለገለውን አገለገለ፣ የተባለውን ተባለ ብዬ ሁለቱን ለይቼ እነግራታለሁ እንጂ መሬቱን አልጠርግም።